የተጨነቀን ምእመን መቀበል፦ ስለ ውጥረት፣ ስለ አእምሮ ሕክምናና ስለ አገልጋይ ሥነ ምግባር

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

መግቢያ



በዚህ የጥናት ክፍል የምንመለከተው ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነገር፣ በጉባኤያችን አጀንዳ ላይ ግን እምብዛም የማይሰፍር ጉዳይ ነው። በሀገራችን ልቡ የታወከ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሐሳቡ የተበተነበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር አብዛኛውን ጊዜ የጤና ጣቢያ በር አይደለም። ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ ወደ ጠበል ይወርዳል፤ አለዚያም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን እርሱ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻውን ተቀምጦ ይቀራል። እንግዲህ እኛ በዚህ ጉዳይ እንግባበት ወይስ አንግባበት ብለን የምንመርጥበት ጊዜ አልፏል። ገብተንበታል። የቀረው ጥያቄ እንዴት ባለ እውቀትና እንዴት ባለ ጥንቃቄ እናገልግል የሚለው ነው።

ትምህርቱን ለመረዳት እንዲያግዘን አንዲት ምእመን በዐይነ ሕሊናችን እንመልከት። ይህ ታሪክ የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም፤ በብዙ ሰበካዎች ከሚታየው ለትምህርት የተቀናጀ ነው። ስሟን ወለተ ማርያም እንበላት። ለአራት ዓመታት በዐረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ቆይታ ተመልሳለች። የላከችው ገንዘብ በቤተሰቡ ወጪ አልቆ አገኘችው። ከተመለሰች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗ አይከደንም፤ ምግብ አስጠልቷታል፤ ትወድደው የነበረውን የጽዋ ማኅበሯን ትታለች። በጤና ጣቢያ ታይታ መድኃኒት ተሰጥቷታል። እናቷ ግን ወደ ጠበል ወሰደቻት፤ በዚያም አንድ ሰው “ጠበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው” አላት። እርሷም ወደ ንስሐ አባቷ መጥታ፦ “አባቴ፣ መድኃኒቱን ልተወው?” ብላ ጠየቀች። ጥቂት ዝም ካለች በኋላም፦ “ባልነቃ ይሻለኝ ነበር” ስትል ጨመረች።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ሁሉ ያለው አባት ለዚህች ልጃቸው በሚሰጡት መልስ ውስጥ ነው።

፩. ውጥረት ምንድን ነው?

በሥነ ልቡና ትምህርት መግቢያ ላይ ከሚሰጡት ቀዳሚ ርእሶች አንዱ ውጥረት ነው። ውጥረት ማለት ሰው ከዐቅሙ በላይ መስሎ የሚታየው ነገር ሲገጥመው በአካሉና በሐሳቡ የሚከተለው ለውጥ ነው። በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ያጋጠመው ሰው ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ እጁ ይልበዋል፤ ረኃቡንና ድካሙን ይረሳል። ይህ የሚሆነው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በደሙ ውስጥ ስለሚበዙ ነው። ሰውየው እንዲሸሽ ወይም እንዲመክት አካሉ ጉልበቱን ሁሉ ለዚያች ሰዓት ያዘጋጅለታል። ይህ ፈጣሪ በሰው ባሕርይ ውስጥ ያኖረው መጠበቂያ ነው፤ በራሱ በሽታም ኃጢአትም አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ጅቡ ካልሄደ ነው። የማይከፈል ዕዳ፣ የማያባራ የቤት ውስጥ ጠብ፣ የጦርነት ስጋት፣ የልጅ መጥፋት ሌሊት ታይቶ ንጋት ላይ የሚሰወር ነገር አይደለም። በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦች በብርድ ቢጎዱ፣ ቢቆስሉ ወይም ከልክ በላይ ቢደክሙ የጉዳቱ ምክንያት ቢለያይም አካላቸው የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን አሳየ። ይህንም ምላሽ በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ መጀመሪያ አካል ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ይዝላል። ብዙ ምእመናን ወደ እኛ የሚመጡት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆነው ነው። ለወራት ሲቋቋሙ ቆይተው፣ ከውጭ ሲታዩም ደኅና መስለው፣ በመጨረሻ በትንሽ ነገር ሲወድቁ “ምን ሆነ? ትናንት ደኅና አልነበረም ወይ?” እንላለን።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ውጥረት የሚመጣው ከክፉ ነገር ብቻ አለመሆኑ ነው። ሆልምስና ሬይ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት የ43 የሕይወት ለውጦች ዝርዝር የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ተሰጥቶት በራስጌ ሲቀመጥ፣ ጋብቻም 50 ነጥብ ይዞ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ሙሽሪት በሠርጓ ማግሥት፣ እናት በወለደች ሰሞን፣ ስደተኛም ሀገሩ በገባ ጊዜ “ደስ ሊልህ ሲገባ” ተብለው መወቀስ የማይገባቸው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ዐይነት መከራ ሁሉንም ሰው እኩል አለመጉዳቱ ነው። የሥነ ልቡና ምሁሩ ላዛረስ እንዳስረዳው፣ የጉዳቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ሰው ችግሩን በሚያይበት መንገድና “አጠገቤ የሚረዳኝ አለ” ብሎ በማመኑ ነው። ይህ ለሰበካ ጉባኤ ትልቅ ትርጉም አለው። ዕዳውን ልንከፍልለት ባንችል እንኳ ብቻውን እንዳይሸከመው ማድረግ ከሕክምናው ክፍል የሚቆጠር ሥራ ነው።

የእምነት ሰው አይጨነቅም ለሚሉም የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ በቂ መልስ ነው። ያ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ታላቅ ነቢይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። የተላከለት መልአክ ምን እንዳደረገ ልብ እንበል፤ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፣ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ዳግመኛም እንዲተኛ ተወው፣ ሁለተኛም አበላው። ነቢዩ ስለ ተልእኮው የተነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

፪. ውጥረት ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

ኀዘንተኛ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ልጇን የቀበረች እናት ብታለቅስ፣ ሰብሉ በበረዶ የወደመበት ገበሬ እንቅልፍ ቢያጣ የሚያስፈልጋቸው በቅድሚያ ሰው ነው። ነገር ግን ካህኑና የሰበካው አገልጋይ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ ያለበትን ሰው ለመለየት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ድባቴ በሚባለው ሕመም ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ያዝናል ወይም ደስ ይሰኝበት የነበረው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል፤ እንቅልፉና ምግቡ ይዛባል፤ ራሱን እንደማይረባ ይቆጥራል። ሁለተኛው ሥራ ነው። ሰውየው ማረስ፣ መነገድ፣ ልጆቹን መንከባከብ፣ ገላውን መታጠብ አቅቶት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው አደጋ ነው። ስለ ሞት የሚናገር፣ ማንም የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማና ድምፁ የሚያዝዘውን ለመፈጸም የሚነሣ፣ ወይም ለቀናት ሳይተኛ ከልክ በላይ እየተናገረ ንብረቱን የሚበትን ሰው ለነገ አይባልም።

ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ ይዘራል የሚለው ስጋት በብዙዎች ዘንድ አለ። ትክክል አይደለም። በርኅራኄና በግልጽ “ልጄ፣ ራስሽን ስለ ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽን?” ብሎ መጠየቅ ሸክምን ያቀልላል እንጂ ሐሳቡን አይፈጥርም። መልሱ አዎን ከሆነ ሰውየው ብቻውን መተው የለበትም፤ በቤቱ ያለ የፀረ ተባይ መርዝና የጦር መሣሪያ ከእጁ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ከሚያምነው ሰው ጋር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ራሱን ያጠፋ ሰው ሥርዓተ ቀብር እንዴት ይፈጸም የሚለው ጥያቄ በየሰበካው ከባድ ክርክር ያስነሣል። እኛ በዚህ ክፍል የምንለምነው ክርክሩ ወደሚጀመርበት ቀን እንዳንደርስ ቀድመን እንድንጠይቅ ነው።

ስለ ርኩስ መንፈስም የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ትምህርትና ሥርዓት ስላላት በዚህ ገጽ ያንን ለመተንተን አንሞክርም። አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። የወባ ትኩሳት ወደ አንጎል ሲደርስ ሰውን ያቃዣል፤ ያወራጫል፤ የወሊድ ደም መመረዝም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ደግሞ ርካሽ በሆነ መድኃኒት ሊቆጣጠሩት የሚቻል የአንጎል ሕመም ነው። ስለዚህ በድንገት የተለወጠን፣ በተለይም ትኩሳት ያለበትን ወይም በቅርቡ የወለደችን ሰው አስቀድሞ ለሐኪም ማሳየት ጸሎቱን አያስቀርም። ማዘግየቱ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

፫. የአእምሮ ሕክምና ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታየው ከፍ ያለ የግቢ አጥርና የተዘጋ በር ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ለረጅም ዘመን በሀገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። ሕመምተኛ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ተጉዞ የሚደርሰው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ የማሠልጠን መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2008 ጀምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ድባቴን፣ የሚጥል በሽታንና ከባድ የአእምሮ ሕመሞችን በጤና ጣቢያ እንዲያክሙ የሚያስችል መርሐ ግብር ዘርግቷል፤ ሀገራችንም ከተቀበሉት አንዷ ናት።

ሕክምናው በአብዛኛው ሦስት መልክ አለው። አንዱ የንግግር ሕክምና ነው። ባለሙያው ሕመምተኛው በራሱ ላይ የሚደጋግመውን ሐሳብ እንዲያስተውልና እንዲመረምር ይረዳዋል። “ለምንም አልረባም” የሚል ሰው ይህ ሐሳብ እውነት መሆኑን በምን እንዳወቀ ይጠየቃል፤ ትቶት የነበረውንም ሥራ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጀምር ይደረጋል። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። የሌለውን ድምፅ መስማትንና የሐሳብ መዛባትን የሚያረጋጋው የመጀመሪያው መድኃኒት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ ሀገር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ይጨርሱ የነበሩ ብዙዎች ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ በር ከፍቷል። ሦስተኛው ማኅበራዊ ድጋፍ ነው፤ ሥራ፣ መጠለያ፣ የቤተሰብ ዕርቅ፣ የሰው ወዳጅነት። ይህ ሦስተኛው ክፍል ከሐኪሙ ይልቅ በእጃችን ያለ ነው።

ስለ መድኃኒት አገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓታት አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት “ምንም አልረዳኝም” የሚል ሰው እንዲታገሥ ማበረታታት ያስፈልጋል። በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ሐሳቡ ከከፋበት ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

መድኃኒትን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሕመሙ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ከቀድሞው ይብሳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መውደቅ ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል። የተሻለውም ሰው መድኃኒቱን የሚቀንሰውና የሚያቆመው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው።

ጾምና ሌሊትም ታስቦባቸው መሆን አለባቸው። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል፤ ለተከታታይ ሌሊቶች ማሕሌት መቆም ለእርሱ እንደ ሌላው ሰው ቀላል አይደለም። ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ ቢውልና ቢያልበው የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከልክ አልፎ ሊመርዘው ይችላል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የታመመን ከጾም ያሳርፋል፤ ይህን የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ደግሞ የንስሐ አባት እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ሐኪም ሺህ ጊዜ “ብላ” ቢለው የማይበላ ምእመን የንስሐ አባቱ “ልጄ፣ ላንተ ጾምህ መድኃኒትህን በሰዓቱ መውሰድ ነው” ሲሉት ይሰማል። ለቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጅም የመድኃኒቱን ሰዓት እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል አስቀድሞ ከጤና ባለሙያው ጋር መነጋገር ይገባል።

፬. ጠበልና መድኃኒት

ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በተስፋፋበት ዘመን ብዙዎች ጠበል ለመጠመቅ ሲሉ መድኃኒታቸውን ይጥሉ ነበር። ያን ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በግልጽ አስተማሩ። በእንጦጦም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችና የጠበሉ አገልጋዮች ተባብረው የሚሠሩበት ክሊኒክ ተቋቁሟል፤ ሕመምተኛው ጠበሉን ሳይተው ሕክምናውን ያገኛል።

በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍም ሐኪምን ስለ ማክበር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ስለ መሆኑ ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ባገኘው ጊዜ ቁስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጭኖም ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ወጪውንም ቻለለት። ከሦስቱ አንዱም ከምሕረት ሥራ ውጭ አልተቆጠረም።

፭. የአገልጋይ ሥነ ምግባር

ሥነ ልቡና ራሱ ስለ ሥነ ምግባር የተማረው ከስሕተቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ጀመረ። ፈቃደኛ ሆነው የመጡ ሰዎች በሌላ ክፍል ያለ ሰው መልስ ሲሳሳት በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት ታዘዙ። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ እነርሱ ግን ይህን አያውቁም። ሰውየው እየጮኸ ወይም ግድግዳ እየደበደበ እንደሆነ እየሰሙ እንኳ፣ ካፖርት የለበሰው ኃላፊ “ቀጥል” ስላለ ብቻ ብዙዎች ቀጠሉ፤ በመጀመሪያ ከታተመው ጥናት ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ኃይል ድረስ ደርሰዋል። ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡም ነበር። ሰዎቹ ተታልለው ለዚህ ያህል ጭንቀት መዳረጋቸው ብርቱ ወቀሳ አስነሣ፤ ሰውን በጥናት ማሳተፍ የሚቻለው እውነቱን ነግሮና ፈቃዱን ተቀብሎ ነው የሚለው ደንብ እንዲጠብቅም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ይህን ያነሣነው ለእኛ የሚሆን ትምህርት ስላለበት ነው። ለማያውቁት ሰው ካፖርት ይህን ያህል የታዘዙ ከሆነ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስቀል ሲሳለም ያደገ ምእመን ለካህኑ ቃል ምን ያህል ይታዘዝ ይሆን? በተለይም በጭንቀት የዛለ ሰው ራሱ የመመዘን ዐቅሙ ስለሚቀንስ የተነገረውን ያደርጋል። በአንድ አፍታ የተነገረች “ተወው” የምትል ቃል በቤቱ ለወራት ትሠራለች። ስለዚህ አራት ነገሮችን እንጠብቅ።

አንደኛ፣ አለመጉዳት። ሐኪም ያዘዘውን እንዲያቆም አንንገረው። የታወከን ሰው በሰንሰለት ማሰር፣ መደብደብ፣ ምግብ መከልከል የማንም ፈውስ ሆኖ አያውቅም። ለራሱና ለሰው አስጊ የሆነን ሰው ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሰው አጠገቡ ማኖርና በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ሕመምተኛም ሰው ነው፤ ስለ ራሱ ይጠየቅ። ወዴት እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚወሰድ ይነገረው። በዘመናችን ሲጠመቁ የሚጮኹና የሚወድቁ ሰዎች በስልክ ተቀርጸው በማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲለቀቁ እናያለን። ያች ልጅ ነገ ስትድን ሥራ ትፈልጋለች፣ ታገባለች፣ ልጅ ትወልዳለች፤ ምስሏ ግን አይጠፋም። ሰበካ ጉባኤው በጠበል ቦታ ሕመምተኛን መቅረጽ እንዲከለከል ቢወስን ታላቅ አገልግሎት ነው።

ሦስተኛ፣ ምሥጢር። ምሥጢረ ንስሐ የራሱ ቀኖና ያለው ነው፤ እርሱን ካህናት ያውቁታል። እዚህ የምንናገረው ከንስሐ ውጭ ለሰበካ ጉባኤ አባል፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ወይም ለልማት ኮሚቴ ስለሚነገረው ነው። የርዳታ መዝገብ ላይ “የአእምሮ ሕመምተኛ” ብሎ ስም ዘርዝሮ ጠረጴዛ ላይ መተው፣ በስብከት መካከል ሁሉ የሚያውቀውን ሰው “አንድ ወንድማችን” እያሉ ማንሣት ምሥጢር ማውጣት ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ግን ምሥጢር ወሰን አለው። በአሜሪካ የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ታራሶፍ በመባል በሚታወቀው ጉዳይ፣ ሕመምተኛው ሌላ ሰው ሊገድል መዛቱን የሰማ የሥነ ልቡና ባለሙያ የሚያሰጋውን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። የሰበካችን አገልጋይም ነፍስ ሊጠፋ እንደሚችል ከሰማ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል መንገር ይገባዋል፤ ከተቻለም ባለጉዳዩን አስቀድሞ ነግሮ።

አራተኛ፣ ወሰንን ማወቅ። ሐኪሙ ኑዛዜ እንደማይቀበል ሁሉ እኛም ሕመም ሰይመን መድኃኒት አናዝዝም። ከሕመምተኛ ወይም ከተጨነቀ ቤተሰቡ ለፈውስ ተብሎ ገንዘብና ንብረት መቀበልም የተጨነቀን ሰው መበዝበዝ ነው።

፮. ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

ይህ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና በየትኛው ቀን፣ በማን እንደሚሰጥ ጠይቆ በጽሕፈት ቤቱ መያዝ አንዱ ነው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መተዋወቅና ለካህናት አጭር ገለጻ እንድትሰጥ መጋበዝ ሁለተኛው ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምሥጢር ጠባቂ አገልጋዮችን መርጦ የተጨነቀውን ሰው ወደ ሕክምና እንዲሸኙ መመደብም ይቻላል፤ ብዙዎች ሕክምና የሚቀርባቸው ሐኪም ጠፍቶ ሳይሆን የትራንስፖርት ገንዘብና አብሮ የሚሄድ ሰው አጥተው ነው። ከዕድሩ ጋር ተመካክሮም ከሞት በኋላ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለሕመምተኛ መጓጓዣ ማዋል ይቻላል። የሚያስታምሙትንም እንዳንረሳ፤ ዓመታት የታመመ ልጇን የጠበቀች እናት ራሷ ወደ መዛል ደረጃ ደርሳለች። አንድ ቀን ተክቷት ቤት የሚውል ሰው ብናገኝላት ቅዳሴ ትስማበታለች፣ ትተኛበታለች።

በመጨረሻም መቀመጥን እንማር። የጻድቁ ኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ያደረጉት መልካም ነበር። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው መከራው የኃጢአቱ ዋጋ ነው ማለት ሲጀምሩ ነው።

ወደ ወለተ ማርያም እንመለስ

አባት ለልጃቸው እንዲህ ቢመልሱ ምን ያህል መልካም ነበር፦ “ልጄ፣ መድኃኒቱን አትተዪ። ጠበሉንም አትተዪ። ሐኪሙንም ጠበሉንም የሰጠን አንዱ እግዚአብሔር ነው። ባልነቃ ይሻለኝ ነበር ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል? ዛሬ ብቻሽን አትሆኚም። ፈቃድሽ ከሆነ እኅታችን አብራሽ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ይህን ለእኔ የነገርሽኝን ለሐኪሙም ንገሪው። እስክትበረቺ ድረስ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጠብቅሻለሁ።” ይህ መልስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእሑዱም ካልመጣች ቤቷ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ ወደ ማን ይሄዳል? ያ ሰውስ ምን እንዲያደርግ ተዘጋጅቷል?
2. በጠበል ቦታችን መድኃኒት እንዲያቆሙ የሚነገራቸው ምእመናን አሉ? ይህን የሚናገረው ማን ነው? እንዴትስ በፍቅር ልናርመው እንችላለን?
3. የታሰረ፣ ወይም ያለ ፈቃዱ የተቀረጸ ሕመምተኛ አይተን እናውቃለን? ጉባኤው ምን ውሳኔ ሊያሳልፍ ይገባል?
4. በመዝገባችንና በንግግራችን የምእመናንን ምሥጢር ምን ያህል እንጠብቃለን?
5. እስከሚቀጥለው የጥናት ክፍል ድረስ ከላይ ከተዘረዘሩት ተግባራት የትኛውን እንፈጽማለን? ኃላፊነቱን የሚወስደውስ ማን ነው?

የታወኩትን የሚያረጋጋ፣ የተሰበረ ልብ ያላቸውን የሚጠግን አምላክ አገልግሎታችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።